መልስ፦ ራዶን ከጥልቅ ባሕር ደለል ሲወጣ እንዴት ይለካል?

«ራዶን የተባለው ጨረር አመንጪ ጋዝ በ4 ቀን ገደማ ግማሹ ከጠፋ፣ ከውቅያኖስ ወለል የሚወጣውን እንዴት ይደርሱበታል?» ላልከው፦ ቶሎ መጥፋቱ እኮ ነው ሥራውን የሚያቀለው።

ደለሉ ውስጥ ያለው ራዲየም-226 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሲፈራርስ ራዶን-222 ይፈጠራል። ጋዙ ወደ ውኃው ይሾልካል፤ ግን ሩቅ ሳይወጣ ያልቃል፣ ብዙ ጊዜ ከወለሉ በላይ ባሉት ጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ።

ስለዚህ ከወለሉ አጠገብ በተለያየ ከፍታ ውኃ ይቀዳል። እዚያው መርከቡ ላይ ሂሊየም እየነፉበት ጋዙን ያስወጡታል፣ በቀዘቀዘ ከሰል ይይዙታል። ከዚያ ዚንክ ሰልፋይድ በተቀባ ዕቃ ውስጥ ራዶን ሲፈራርስ የሚወጡት የአልፋ ቅንጣቶች ሲመቱት የሚፈጠሩትን ብልጭታዎች ይቆጥራሉ።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። ውኃው ራሱ የሟሟ ራዲየም አለው፤ እሱም ራዶን ይሠራል። ናሙናው ታሽጎ ለሳምንታት ተቀምጦ እንደገና ሲለካ ይኼ ድርሻ ይታወቃል፣ ይቀነሳል። ትርፉ የደለሉ ነው። ትርፉን ከወለሉ እስከሚያልቅበት ከፍታ ደምረህ በ0.18 (ከራዶኑ በየቀኑ በሚፈራርሰው ድርሻ) ስታባዛው በቀን የሚወጣውን ታገኛለህ።

አሜሪካዊው የውቅያኖስ ኬሚስትሪ ተመራማሪ ዋላስ ብሮከር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህንኑ ትርፍ የጥልቅ ውኃን መቀላቀል ለማጥናት ተጠቅሞበታል። ወጣ ገባ ወለል ላይ ግን ተጠንቀቅ፦ ጅረቱ ከጎን ሌላ ራዶን ይዞ ስለሚመጣ ስሌቱን ያዛባዋል።