ስለ በሽታ ስርጭት ጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት ጠይቁኝ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። የግል ሕመም ግን እዚህ አልመረምርም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወረርሽኝና ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ በስፋት። በአንድ አካባቢ በወቅቱ ከሚጠበቀው በላይ ሰው ከታመመ ወረርሽኝ ነው። ድንበር ተሻግሮ ዓለምን ካዳረሰ ዓለም አቀፍ ይባላል። ከገዳይነት ጋር አይገናኝም።

ጥያቄ፦ ጉሮሮዬን እያመመኝ ነው። ይተላለፋል እንዴ?

መልስ፦ ሐኪም ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ በአንድ ወረርሽኝ ከታመሙት አብዛኞቹ የተከተቡ ነበሩ የሚል አነበብኩ። ታዲያ ክትባቱ ምን ጠቀመ?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። «ከስንት?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ቁጥር አትመኑ። 1000 ሰው አለ እንበል። 950ው ተከትቧል፣ 50ው አልተከተበም። በሽታው ገባና ከተከተቡት 57፣ ካልተከተቡት 40 ሰው ታመመ። ወሬው «አብዛኞቹ ታማሚዎች የተከተቡ ናቸው» ይላል። አልዋሸም። ግን ከ950 ውስጥ 57 ማለት 6 በመቶ ነው። ከ50 ውስጥ 40 ደግሞ 80 በመቶ። ያልተከተበው የመታመም ዕድሉ ከ13 እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ቢከተብ እኮ የሚታመመው በሙሉ የተከተበ ይሆናል።

አንድ አባል፦ የአጎቴ ልጅ ተከትቦ ታሟል። ይሄንንስ ምን ትሉታላችሁ?

ሌላ አባል፦ ከ57ቱ አንዱ ነዋ!

አንድ አባል፦ ሰው ታሞብኝ ትቀልዳለህ?

ሌላ አባል፦ አልቀለድኩም። በአንድ ሰው ክትባት አይመዘንም ነው የምልህ።

መላሽ፦ በቃ ተዉት። ዘመድህን እግዜር ይማርልህ። ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ኢቦላ እንደዛ እየገደለ ለምን እንደ ኩፍኝ አይስፋፋም?

መልስ፦ ገዳይነትና ተላላፊነት ለየቅል ናቸው። ኢቦላ ከታመመ ወይም ከሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ጋር ንክኪ ይፈልጋል። ምልክቱ ሳይጀምርም አያስተላልፍም። ኩፍኝ በአየር ይሄዳል። ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት ድረስ አየሩ ላይ ይቆያል። ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞም መተላለፍ ይጀምራል። ያኔ የሚታየው ትኩሳት፣ ሳልና ንፍጥ ነው፤ ማን ኩፍኝ ብሎ ይጠረጥራል?

መከላከያ በሌለው ሕዝብ ውስጥ አንድ የኩፍኝ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል ተብሎ ይገመታል። ኢቦላ 2 ገደማ። ለኩፍኝ 15ን እንውሰድ። ከ15ቱ 14ቱ መከላከያ ካላቸው የሚያዘው አንድ ብቻ ነው፣ ስርጭቱም ማደግ ያቆማል። 14ን ለ15 አካፍሉት፣ 93 በመቶ ገደማ ይመጣል። «ለኩፍኝ 95 በመቶ ክትባት» እየተባለ የሚወተወተው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሽፍታ ወጥቶባታል። ኩፍኝ ይሆን?

መልስ፦ አልመረምርም ብያለሁ። ሐኪም ጋ ውሰጃት። ግን ቀድመሽ ደውዪና ንገሪያቸው፣ ተራ መጠበቂያው ውስጥ ሌላ ሕፃን እንዳይያዝ።

ጥያቄ፦ የተከተቡ ሰዎች ለምን ይታመማሉ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ኧረ እያነበባችሁ!

ጥያቄ፦ በሽታው ስንት በመቶ ይገድላል?

መልስ፦ የቱ በሽታ? ደግሞስ ከስንት? ተመርምረው ከተረጋገጠባቸው ነው ወይስ ከተያዙት ሁሉ? ቀለል ያለው ሰው ቤቱ ተኝቶ ይድናል፣ አይመረመርም። ስለዚህ በምርመራ ከተገኙት ብቻ ሲሰላ በሽታው ከሆነው በላይ ገዳይ ይመስላል። ጥያቄህን አስተካክለህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ኮሌራ ያዛምታል ያለውን የውሃ ፓምፕ እጀታ አስነቅሎ የለንደንን ኮሌራ አቆመ የሚባለው እውነት ነው?

አንድ አባል፦ እውነት ነው፣ ትምህርት ቤት ተምረነዋል።

ሌላ አባል፦ ወረርሽኙ ቀድሞ እየቀነሰ ነበር እኮ።

መልስ፦ የኋለኛው ልክ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 እጀታው ሲነሳ ብዙ ሰው ሰፈሩን ለቆ ሸሽቶ ነበር፣ ሞቱም ቀንሶ ነበር። ስኖው ሟቾቹ የት እንደነበሩ ስላሳየበት ካርታ ሁሉም ያወራል። ለእኔ ግን የሚጥመኝ ያልታመሙትን መከታተሉ ነው። እዚያው አቅራቢያ 535 ሰው የሚኖርበት የድሆች መጠለያ ነበር። በኮሌራ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፣ የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ከፓምፑ አጠገብ ያለው ቢራ ፋብሪካም ከ70 በላይ ሠራተኛ ነበረው፣ በኮሌራ የሞተ የለም። ቢራ ስለሚሰጣቸው የፓምፑን ውሃ አልጠጡም።

አንድ አባል፦ ስለዚህ ቢራ ይከላከላል!

መላሽ፦ አይ አንተ! ውሃህን አፍላ።

ጥያቄ፦ የኤችአይቪ መድኃኒት እያለ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ቁጥር ለምን ይጨምራል?

መልስ፦ ስላልሞቱ ነዋ። በዓመት ውስጥ አዲስ የሚያዘው አንድ ቁጥር ነው፣ ዛሬ በጠቅላላ ቫይረሱ ያለበት ሌላ ቁጥር። መድኃኒቱ ዕድሜ ሲያራዝም፣ አዲስ የሚያዘው እየቀነሰ እንኳ ጠቅላላው ሊያድግ ይችላል። ሕክምናውን በትክክል ተከታትሎ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰለት ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ካለ ሌላኛውንም አምጣ በሉት።