ጥያቄና መልስ፦ የፕላዝማ ቻምበሩ ጠዋት ጠዋት ለምን ይለግማል?

ጥያቄ፦ ለማስተማሪያ የምንጠቀምበት 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ቻምበር አለን። አርጎን የተባለ ጋዝ አስገብተን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የሚያበራ ጋዝ) እናበራበታለን፤ ተማሪዎች በፊውዥን (የአቶም አስኳሎችን በማዋሐድ) ምርምር የሚሠራባቸውን የመለኪያ ዘዴዎች ይለማመዱበታል። ክረምቱን በደህና ሠርቶ ኅዳር ሲገባ አየሩን በፓምፕ ስንስብ ጠዋት ግፊቱ ከ0.1 ሚሊባር በታች አልወርድ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይሻለዋል። መጋጠሚያዎቹን የሚያትሙትን የጎማ ቀለበቶች (ኦ-ሪንጎቹን) ሁሉ ቀይረናል። ምን ቀረን?
የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ ደብረ ብርሃን

መልስ፦ ከሰዓት በኋላ የሚሻለው ከሆነ ኦ-ሪንጎቹን ይተዋቸው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፓምፑ ዘይት ነው። ውርጭ ባደረበት ክፍል የሮታሪ ፓምፕ ዘይት ይወፍራል። ሞተሩ ሲነሳ ይጨነቃል፣ አንዳንዴም ጭነት ሲበዛ ኃይል የሚያቋርጠውን መከላከያ (ኦቨርሎዱን) ይጥላል፤ ቢነሳም ዘይቱ ክፍተቶቹን በወጉ እስኪደፍን ጊዜ ይወስዳል። ብዙ አምራቾች ፓምፑ ያለበት ክፍል ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይሆን ያሳስባሉ። የእናንተ የኅዳር ሌሊት ከዚያ በብዙ ይወርዳል።

ጠዋት ፓምፑን ከቻምበሩ የሚለየውን ቫልቭ ዘግተው ያስነሱት፤ ጋስ ባላስቱን ከፍተው ግማሽ ሰዓት ለብቻው ይሥራ። ጋስ ባላስት ፓምፑ በሚጨምቀው እንፋሎት ላይ ጥቂት አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ሳይቀር ከአየሩ ጋር ይወጣል። ክፍት እስካለ ድረስ ፓምፑ ጥሩ ቫክዩም ላይ አይደርስምና ሲሞቅ ይዝጉት፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። በዘይት ማያው መስታወት ሲያዩት ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ይቀየር። በርካሽ የሚገኝ የሞተር ዘይት ግን እንዳይሞሉበት፤ የተቀላቀሉበት ኬሚካሎች በቫክዩም ውስጥ ይተናሉ።

ከዚህም በኋላ ካልወረደ የግፊት ጭማሪ ፈተና ይሥሩ። ቻምበሩን የሚቻለውን ያህል ያውርዱት፣ ቫልቩን ይዝጉ፣ በየ30 ሰከንዱ ግፊቱን እየመዘገቡ 10 ደቂቃ ይቆዩ፤ ከዚያ በወረቀት ላይ ይሳሉት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ከወጣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። መጀመሪያ ፈጥኖ ወጥቶ ቀስ በቀስ ከጎበጠና ከተኛ ከግድግዳው የሚለቀቅ ርጥበት ነው። ርጥበቱን በማሞቂያ ገመድ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓታት እያሞቁ በመሳብ ያባርሩታል። ቀዳዳን ማተም ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ከፍላንጁ (ኦ-ሪንጉ ከሚያርፍበት የመጋጠሚያ ብረት) ገጽ ይጀምሩ፣ ምክንያቱም ማኅተሙን አቋርጦ ያለፈ አንድ ጭረት አዲስ ኦ-ሪንግም አያድነውም።

ቁጥሩም ይናገራል። ፓምፕዎ በሰከንድ 2 ሊትር የሚስብ ከሆነ፣ 0.1 ሚሊባር ላይ እንዲቆም በሰከንድ 0.2 ሚሊባር-ሊትር አየር መግባት አለበት። ያ መጠን ቫልቩ ሲዘጋ 20 ሊትሩን ቻምበር በ100 ሰከንድ 1 ሚሊባር ያሳድገዋል። እርስዎ የለኩት ከዚህ እጅግ ካነሰ ቻምበሩ ችግር የለበትም፤ ጥፋቱ ፓምፑ ጋ፣ ወይም ቱቦው ጋ፣ ወይም የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ጋ ነው።

ጌጁን ችላ አይበሉት። የፒራኒ ጌጅ የሚለካው የጋለ ሽቦ ሙቀቱን በጋዙ በኩል ምን ያህል እንደሚያጣ ነው። የክፍሉ ብርድ ንባቡን ሊያዛባው ይችላል። በአርጎን ደግሞ ከእውነተኛው ግፊት ያነሰ ያሳያል፤ ለናይትሮጅን የተስተካከለ ጌጅ 0.1 ሲል እውነተኛው ወደ 0.17 ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የውጭው አየር ራሱ 715 ሚሊባር ገደማ ነው። ጌጁ ቻምበሩ ተከፍቶ እያለ 1,013 ባያሳይ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ መሣሪያው እየሠራ መብራት ቢጠፋ የፓምፑ ዘይት ወደ ቻምበሩ ይገባል የሚባለው እውነት ነው?
መምህር፣ ሸዋ ሮቢት

መልስ፦ አዎ። በቆመ ፓምፕ በአንድ ወገን ቫክዩም፣ በሌላው የውጭ አየር አለ፤ አየሩ ዘይቱን እየገፋ በቱቦው ያወጣዋል። ብዙ ፓምፖች ይህን የሚከለክል ቫልቭ በውስጣቸው አላቸው፣ ግን አንዲት ብናኝ ከገባችበት በደንብ አይገጥምም። አስተማማኙ ኃይል ሲቋረጥ በስፕሪንግ ራሱ የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ቫልቭ መስመሩ ላይ ማስገባት ነው። ቫልቩ የእጅ ከሆነ መብራቱ እንደጠፋ ይዝጉት፣ ወደ ፓምፑ ወገንም አየር ያስገቡ። ቱርቦ ፓምፕ ካለ አየር ለማስገባት አይቸኩሉ፤ በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚዞር አካል ስለሆነ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች እስኪወርድ ይጠብቁ።

ትልቁ አደጋ ግን መብራቱ ሲመለስ ነው። የከፍተኛ ቮልቴጁ ኮንታክተር (ኃይሉን የሚያገናኘው ማብሪያ) ሰው ማስነሻውን ካልተጫነው እንዳይነሳ ሆኖ ይታሰር። መብራት የለም ብሎ ኤሌክትሮድ መንካትም አይገባም፤ ካፓሲተሩ (የኤሌክትሪክ ማከማቻው) ቻርጁን ይዞ ይቆያል። በመሬት ማሰሪያ በትር ካስለቀቁት በኋላ ይንኩት።

ጥያቄ፦ በኒዮን መብራት ትራንስፎርመር ፊውዥን መሥራት ይቻላል? ቻምበሩ ሮዝ ሲያበራ አይቻለሁ።
ተማሪ፣ መሐል ሜዳ

መልስ፦ አይ፣ አይቻልም። ያየኸው ብርሃን ኤሌክትሮን ጋዙን ሲመታው የሚወጣ ነው፤ አቶሞቹ አልተዋሐዱም። አየር 300 እና 400 ቮልት መካከል፣ ግፊቱና የኤሌክትሮዶቹ ርቀት ከተገጣጠሙ፣ ያበራል። ፊውዥን ግን ዲዩቴሪየምን (ከባድ ሃይድሮጅንን) የመሰለ ነዳጅና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል፤ እንዲያም ሆኖ በጠረጴዛ ላይ መሣሪያ ከሚገባው ኃይል የሚወጣው እጅግ ያነሰ ነው። በእንግሊዝ ኩልሃም የነበረው ጄት የተባለ ትልቅ የፊውዥን መሣሪያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ0.2 ሚሊግራም ነዳጅ 69 ሜጋጁል ያወጣው ከዚያ የበለጠ ኃይል ፕላዝማውን ለማሞቅ አፍስሶበት ነው።

የኒዮን ትራንስፎርመር የሚሰጠው ኃይል ሰው ለመግደል ይበቃል፤ ቮልቴጁ ከፍ እያለ ሲሄድ ደግሞ ኤክስሬይ ይጀምራል፣ ተራ የመስታወት መስኮትም አያግደውም። ያለ አስተማሪ አትሞክረው። ላብራቶሪ ውስጥ የሚገጥሙት ሰዎችም ስለ ከፍታው ያስቡ፤ የሳሳ አየር በቀላሉ ብልጭታ ያሳልፋል። እስከ 2,000 ሜትር የሚሠራው የአየር ክፍተት በ3,000 ሜትር በ1.14 ይባዛል፤ ዝቅተኛ ቦታ 20 ሚሊሜትር የሚበቃው ሽቦ መሐል ሜዳ ላይ ከ23 ሚሊሜትር በላይ ይራቅ።