ሰዓቱን ለጊዜው ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት

ዘንድሮ ተመርቃችሁ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ሆናችሁ ለተመደባችሁ ልጆቼ፣

መስከረም ላይ ርዕሰ መምህሩ ይጠራችሁና የረጅም ርቀት ቡድኑን ያስረክባችኋል። ለኔም እንደዚያው ነበር የተሰጠኝ። አርሲ ደጋ ላይ፣ የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ።

በመጀመሪያው ቀን ስልሳ ያህል ልጆች ሜዳ ላይ አሰለፍኩ። 3,000 ሜትር አስሮጥኳቸውና ሰዓት ያዝኩ። ቀድመው የገቡትን አስር አስቀርቼ ሌሎቹን «በቃ፣ ሂዱ» አልኳቸው። ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እንዴት እንደምትሮጥ ብታዩ! በሳምንት አምስት ቀን አስፋልትና ዳገት አስሮጥኳት። ጥቅምት ሳያልቅ ቅልጥሟን ያማት ጀመር። «ይለቅሻል፣ በርቺ» አልኳት። ኅዳር ላይ መራመድ አቃታት። ከዚያ በኋላ ወደ ቡድኑ አልተመለሰችም።

ጥፋቱ የኔ ነበር። አንድም ነገር አልጠየቅኳትም። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ሰዓት በእግሯ እንደምትመላለስ፣ ብዙ ቀን ቁርስ ሳትበላ እንደምትመጣ የሰማሁት ከተጎዳች በኋላ ነው። የኔ ልምምድ የተጨመረው በዚያ ሁሉ ድካም ላይ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓት ሳይሆን ደብተር ይዛችሁ ውጡ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠይቁት። ቤትህ ምን ያህል ይርቃል? በእግርህ ነው በባጃጅ የምትመጣው? ውኃ የሚቀዳው፣ ከብት የሚጠብቀው ማነው? ዛሬ ምን በላህ? ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ደብተር ይዞ የሮጠበት ግራ ክንዱ ትልቅ አትሌት ከሆነ በኋላም እንደታጠፈ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ገና ሳታሰለጥኑት ብዙ ሮጧል። የከተማው ልጅ ግን ከዜሮ ነው የሚነሳው። ከዝዋይ፣ ማለትም ከ1,600 ሜትር ከፍታ ግድም፣ በቆጂን ወደመሰለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ ከተማ የተዛወረ ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። ጥቂት ሳምንት ትንፋሽ ቢያጥረው ሰነፍ አትበሉት። ሦስቱን አንድ ዓይነት ልምምድ ማሠራት አይቻልም።

ቀጥሎ ያሉትን አራት ሳምንታት ቀስ ብለው ይሩጡ። እያወሩ መሮጥ ካልቻሉ ፈጥነዋል ማለት ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ፣ በተለይ ገና በሚያድግ ልጅ ላይ። ለዚህ ነው ልጁ «አሁን ኮንዲሽኔ መጣ» ብሎ በሚፈነጥዝበት ሰሞን የሚጎዳው። አስፋልቱን ትታችሁ ሳር ሜዳ ፈልጉ። እንጦጦ ጫካ ውስጥ አትሌቶች ተከታትለው በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ሲሮጡ አይታችሁ ይሆናል። መጠማዘዙ ፍጥነቱን ይይዘዋል፣ መሬቱም ለእግር ይለሰልሳል። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ከፊት የምታስቀድሙት ግን ፈጣኑን አይሁን። ረጋ ያለውን አስቀድሙ።

የምግቡ ነገር ከባድ ነው፤ ድሃ ቤት «ሥጋ ብሉ» አይባልም። በሶና ቆሎ ግን ብዙ ቤት አይጠፋም። የበሶ ዱቄት ቢሮ አስቀምጡ። ምግብ እንደበሉ ወዲያው ሻይና ቡና እንዳይጠጡ ንገሯቸው፣ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን የብረት ማዕድን ይቀንሳል። ሴት ልጅ ያለ ምክንያት ከደከመች የደም ማነስ እንዳለባት ጤና ጣቢያ ትመርመር። ስለ ወር አበባ ለወንድ መምህር መናገር ካፈረች የምታምናት ሴት መምህርት ትኑር። የሚጾም ልጅ ካለ ጾሙን አትንኩበት፣ የልምምዱን ሰዓት አንቀሳቅሱለት።

ልጆቹ ይቸኩላሉ። ክለብ መግባት፣ ማናጀር ማግኘት ነው ሐሳባቸው። ወላጅም ይቸኩላል፣ አልፈርድበትም። እኔ ያን ጊዜ ስለ ደራርቱ አወራላቸዋለሁ። በ1984 ዓ.ም. መጨረሻ ባርሴሎና ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ1993 መጀመሪያ ሲድኒ ላይ ደገመችው። የኒውዮርክ ማራቶንን በ2002 መጀመሪያ ስታሸንፍ 37 ዓመቷ ነበር። ከመጀመሪያው ወርቅ እስከዚያ 17 ዓመት። እኔ ያቺን የ9ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ወር እንኳ አልጠበቅኳትም።

ኅዳር ሲገባ ሰዓቱን አውጡ። 3,000 ሜትር አስሩጡና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን 1,000 ለየብቻ ጻፉ። መጨረሻው ካልዘገየ ልጁ ተዘጋጅቷል። መስከረም ላይ ኋላ ቀርተው የነበሩትንም አስሩጧቸው፤ እኔ «ሂዱ» ካልኳቸው ሃምሳ ልጆች መካከል ማን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። የመጨረሻዋ ልጅ ሳትገባም ከሜዳው አትነሱ። የሷንም ሰዓት ደብተሩ ላይ ጻፉላት።