ሦስቱ ድቦች ኬጂ ክፍል ሲገቡ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የኬጂ 2 መምህርት ነኝ። 46 ልጆች አሉኝ፣ ረዳቴ አንድ ናት። ትምህርት ቤታችን ከውጭ ተረቶች አንድ አንድ አከፋፍሎን የሁለት ሳምንት ዕቅድ አውጡ ብሎናል። ለእኔ የደረሰኝ ጸጉሯ ወርቅ የሚመስል ልጅና የሦስቱ ድቦች ተረት ነው። ልጅቷ ድቦቹ በሌሉበት ቤታቸው ትገባለች፣ ገንፏቸውን ትቀማምሳለች፣ የትንሹን ጥርግ አድርጋ ትበላለች፣ ወንበሩን ትሰብራለች፣ አልጋው ላይ ትተኛለች፣ ሲመጡባት ሮጣ ታመልጣለች። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሥራ ሁሉ ባለቀለም ወረቀት፣ ኮላና የሚታተም ሥዕል ይፈልጋል፤ እኛ ጋ ኮፒ ማስደረግም በልመና ነው። ልጆቼ ደግሞ ድብ አያውቁም፣ በጅብ ልቀይረው ይሆን? አንዲት እናት «ሰው ቤት ሰተት ብላ ገብታ፣ አበላሽታ፣ ሳትቀጣ የምትሄድ ልጅ ምን ልታስተምርልን ነው?» ብላ ተቆጥታብኛለች። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከተረቱ ከራሱ ጀምሪ። ወረቀቱና ኮላው ስለሌለሽ ብዙም አልቀረብሽ። ድብ ቀለም መቀባት፣ ድብ ቆርጦ መለጠፍ፣ የድብ ጭንብል መሥራት፣ የድብ ዘፈን፤ ይሄ ሁሉ ተደርድሮ «የተረት ሳምንት» ይባላል፣ ተረቱ ግን ውስጡ የለም። ድብ የቀባ ልጅ ድብ ቀባ፣ አለቀ። ይሄ ተረት ግን ሆዱ ውስጥ ሙሉ ትምህርት አለው፦ ሦስት መጠን፣ ትኩስና ቀዝቃዛ፣ ጠንካራና ለስላሳ፣ የሚደጋገም አነጋገር፣ የሰው ቤት፣ የተሰበረ ዕቃ፣ የተከፋ ልጅ። አንቺ ማውጣት ብቻ ነው ያለብሽ።

የመጀመሪያው ቀን ንገሪያቸው ብቻ። ጥያቄ የለም፣ ወረቀት የለም። «ተረት ተረት» በይ፣ «የላም በረት» ይበሉሽ፤ ሲያልቅም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለሽ ዝጊው። የውጭ ተረት ነው ብለሽ ይሄን አታስቀሪ፤ ልጆቹ «አሁን ተረት ነው» ብለው ልባቸውን የሚከፍቱት በዚህ ነው። አባባ ተስፋዬ ለአሥርት ዓመታት በቴሌቪዥን ልጆችን ሲያጫውቱ ድምፃቸውንም ፊታቸውንም ነበር የሚሠሩበት። አንቺም ለአባት ድብ ከሆድሽ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ፣ ለእናት መካከለኛ፣ ለትንሹ ቀጭን ድምፅ ያዢለትና እስከ መጨረሻው ቀን አትቀይሪው።

በማግስቱ ድገሚው። ከዚያም ድገሚው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ብትነግሪያቸው አልበዛም፣ ምክንያቱም ልጆች መጀመሪያ ታሪኩ ምን እንደሚሆን ነው የሚከታተሉት፣ ቃላቱን ማጣጣም የሚጀምሩት መጨረሻውን ካወቁና ልባቸው ካረፈ በኋላ ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ «ገንፎዬን ማን ቀመሰብኝ?» የሚለው ጋ ስትደርሺ ቆም በይና እያቸው። ይሞሉልሻል።

46 ልጅ ብዙ ነው፣ ይገባኛል። ግን ለዚህ ተረት ብዛቱ ይጠቅምሻል። ክፍሉን ለሦስት ክፈይው፤ አንዱ ወገን አባት ድብ፣ አንዱ እናት፣ አንዱ ትንሹ ድብ ይሁኑ። አንቺ ትተርኪያለሽ፣ እያንዳንዱ ወገን በተራው በራሱ ድምፅ ይናገራል። ማንም ቁጭ ብሎ ተራ አይጠብቅም። ዓይን አፋሩም ልጅ ከአሥራ አምስት ልጅ ጋር ሲጮህ አያፍርም። በሚቀጥለው ቀን ወገኖቹን ቀያይሪያቸው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልውሰድሽ፣ እኔ ይሄን ተረት የምወደው በዋናነት ለዚህ ነው። ከቤትሽ ጭልፋ፣ የሾርባ ማንኪያና የሻይ ማንኪያ ይዘሽ ነይ። ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ጨምሪ፤ ከሌለሽ ጣሳ፣ ኩባያና ስኒ ይሁን። ለወንበር ያንቺ ወንበር፣ የልጆቹ ወንበርና አንድ ዱካ ይበቃል። አልጋ ካስፈለገሽ ትልቅ ካርቶን፣ መካከለኛ ካርቶን፣ የጫማ ካርቶን። መጀመሪያ ልጆቹ ለእያንዳንዱ ድብ የሚገባውን ያድሉ፦ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ወንበር። ሲለምዱት ዓይናቸውን አስጨፍኛቸውና አንዱን ደብቂ፤ «የማን ማንኪያ ጠፋ?» በይ።

ከዚያ ከበድ ወዳለው ሂጂ። ጭልፋውን አንሺና በቦታው ከሻይ ማንኪያው የምታንስ ማንኪያ አምጪ፤ የመድኃኒት ሽሮፕ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ ትሆናለች። አሁን መካከለኛው የትኛው ነው? ትናንት የትንሹ ድብ የነበረው የሻይ ማንኪያ ዛሬ መሐል ገባ። ግማሾቹ «አይ፣ እሱ ትንሽ ነው!» ብለው ይከራከሩሻል። አትፍረጂባቸው፣ ይከራከሩ። ትልቅነትና ትንሽነት ዕቃው ላይ የተጻፈ ሳይሆን ከጎኑ ካለው ጋር ሲተያይ የሚመጣ መሆኑን በአንድ ቀን አይጨብጡትም፣ ክርክሩ ራሱ ነው ትምህርቱ።

ሌላም አለ። የትንሹ ድብ ገንፎ ከሁሉም ያንሳል፣ ስለዚህ ቀድሞ መቀዝቀዝ የነበረበት እሱ ነው። ተረቱ ላይ ግን የቀዘቀዘው የእናትየው ነው፣ የትንሹ ልክ ነው። ለምን? ጠይቂያቸው። እጅ የማያቃጥል ሙቅ ውኃ አምጪና በትልቅ ጆግ፣ በስኒና በዝርግ ሳህን አድርጊ። ወዲያው ይንኩት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይንኩት። ሳህኑ ላይ የተዘረጋው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጆጉ ቆይቶ ነው የሚበርደው። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ ተነስቶ «የእናትየው ሳህን ዝርግ ነበር!» ሊልሽ ይችላል። ሌላዋ «እናትየው መጀመሪያ ለራሷ ነው ያወጣችው» ትል ይሆናል። ሁለቱም አስበዋል፣ ሁለቱንም ተቀበያቸው።

ገንፎ ማብሰል ከቻላችሁ አንድ ቀን ሥሩ፤ እሳቱ ጋ ግን ልጅ አይቅረብ፣ ረዳትሽ ወጥ ቤት ሆና ሠርታ ታምጣው። ስንዴ የማይስማማው ልጅ እንዳለ ወላጆችን ቀድመሽ ጠይቂ። ጾም ከሆነ በተልባ ወይም በዘይት ይሆናል። ገንፎ ሲባል ብዙዎቹ የሚያውቁት የአራስ ቤቱን ነው፣ «ድቧ ወለደች እንዴ?» የሚልሽ አይጠፋም። ደግሞ እኛ ገንፎ የምንበላው አንድ ሳህን ዙሪያ ተሰብስበን፣ ቅቤና በርበሬው መሐሉ ላይ ሆኖ፣ ከየአቅጣጫው እየቆረስን ነው። እነሱ ለምን ለየብቻ ይበላሉ? ይሄን ጥያቄ አትዝለይው። ልጆቹ የራሳቸውን ቤት ማዕድ ይነግሩሻል፣ የተረት ክፍለ ጊዜ ላይ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ስለ ቤቱ ሲሆን የሚለው አያጣም።

ድቡን በጅብ አትቀይሪው። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ድብ የለም። ግን ልጅ ያላየውን እንስሳ በተረት ማወቁ ምንም አይጎዳውም፤ አንድ ጥሩ ሥዕል አሳይተሽ፣ ትልቅና ጸጉራም እንደሆነ፣ ብርዳማ አገር ያሉት ክረምቱን ተኝተው እንደሚያሳልፉ ብትነግሪያቸው ይበቃል። ጅብ ግን በእኛ ተረት የራሱ ጠባይ ያለው ነው፣ ሆዳምና ሞኝ። ቤቱን አጽድቶ ገንፎውን አብርዶ ሽርሽር የሚወጣ ጅብ ብትነግሪያቸው ልጆቹ ቀጥሎ ማንን እንደሚበላ ነው የሚጠብቁት። አንድ ልመና አለኝ፦ ተረቱ ካለቀ በኋላ «ዝም በሉ፣ ድቡ መጣ!» እያላችሁ ልጆቹን አታስፈራሩ፣ ረዳትሽም ብትሆን። የወደዱትን ተረት መፍሪያ ታደርጉባቸዋላችሁ።

አሁን ወደ እናትየዋ ልምጣ። የተቆጣችበት ነገር እውነት አለው። ግን ይሄ ተረት መጨረሻው የተዘጋ አይደለም፣ ድሮም ሲቀያየር ነው የኖረው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሮበርት ሳውዚ እ.ኤ.አ. በ1837 ሲያሳትመው ቤቱን የደፈረችው ትንሽ ልጅ አልነበረችም፣ ባለጌ አሮጊት ነበረች። ድቦቹም አባት፣ እናትና ልጅ ሳይሆኑ አብረው የሚኖሩ ሦስት ወንድ ድቦች ነበሩ። አሮጊቷን ወደ ልጅ የቀየራት ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ጆሴፍ ከንዶል የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ነው፤ ድቦቹ ቤተሰብ የሆኑትም ቆይቶ ነው። እንግዲህ እነሱ ከቀያየሩት ያንቺ ልጆችስ ለምን አይቀጥሉትም?

ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ ከሮጠች በኋላ ምን እንደሆነ ልጆቹ ይፍጠሩ። እኔ የምመክርሽ ሽማግሌ እንዲልኩ ነው። ሦስት ልጆች ነጠላ አጣፍተው፣ ዱላ ይዘው ወደ ድቦቹ ቤት ይሂዱ። በር ያንኳኩ፣ «ማነው?» ይባሉ፣ «ቤቶች፣ ደህና ዋላችሁ?» ብለው ተፈቅዶላቸው ይግቡ። ልብ በይ፣ ልጅቷ ያላደረገችውን በር ማንኳኳት እዚህ ጋ ሁሉም እየተቀባበለ ይለማመደዋል፣ አንቺም አንድም ምክር አልሰጠሽም። ድቦቹ ቅሬታቸውን ይናገሩ። ትንሹ ድብ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቅ፤ «ወንበሬን ትሥራልኝ» የሚለው ብዙ ነው፣ «ገንፎ ታምጣልኝ» የሚልም አለ። ልጅቷም መጥታ ይቅርታ ትጠይቅ። ከዚያ ወንበሩን በካርቶን፣ በገመድና በእንጨት ቁርጥራጭ አብረው ይሥሩት። ሲቀመጡበት ከተሰበረ እንደገና ይሥሩት፣ ለምን እንደተሰበረም ይነጋገሩ፦ እግሩ ቀጥኖ ነው? ገመዱ ላልቶ ነው? ያቺን እናት ያን ቀን ጥሪያትና ከኋላ ቁጭ ብላ ታዳምጥ።

ለዳይሬክተሩ የምትሞይው ቅጽ ላይ ዓላማውን በአጭሩ ጻፊ፦ ሦስት ዕቃዎችን ከትልቅ ወደ ትንሽ ይደረድራሉ፤ ታሪኩን በሥዕል ታግዘው መልሰው ይተርካሉ፤ ሰው ቤት ሲገቡ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ግምገማሽም ፈተና አይሁን። በየቀኑ አምስት አምስት ልጅ ለይተሽ ዕቃዎቹን አስይዘሽ «እስኪ አንተ ንገረኝ» በይና ያለውን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትንንሽ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ፣ በበጎ ፈቃድ። ልጆቹ ይሰሙኛል ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚመልሱት። ለእነሱ የአገራችንን ተረት ልጠቀም ወይስ የሚያውቁትን?

መልስ፦ ሁለቱንም፣ ግን በሚያውቁት ጀምሪ። ከላይ የተወራለትን የድቦቹን ተረት ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ያውቁታል፣ ስለዚህ ታሪኩን ለመከታተል አይደክሙም፣ ጆሯቸው በሙሉ ቃላቱ ላይ ይሆናል። ሦስት አረፍተ ነገር ብቻ ያዢ፦ «ገንፎዬን ማን ቀመሰብኝ?»፣ «ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠብኝ?»፣ «አልጋዬ ላይ ማን ተኛብኝ?» ከዚያ ወደ ቤታቸው ውሰጂው። ጫማዬን ማን ወሰደብኝ? ብስኩቴን ማን በላብኝ? አንድ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሌላው ዕቃውን ደብቆ፣ ጨዋታ ይሆናል፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከጨዋታ ውጭ ሌላ ነገር አይዋጥላቸውም። በእንግሊዝኛ ሲመልሱ «በአማርኛ!» ብለሽ አትቆጪ፣ ያሉትን በአማርኛ መልሰሽ በይላቸውና ቀጥይ። የአገር ቤቱን ተረት በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት አስከትይ፣ አያት ካለ አያት መጥቶ ቢነግራቸው ይመረጣል።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ በየማታው አንድ ተረት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሲሰለቸኝ አንድ ቦታ ብዘል ያርመኛል። ሌላ ላስለምደው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተወው፣ ይድገም። ካረመህ ቅደም ተከተሉን ይዞታል ማለት ነው፣ ለአራት ዓመት ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ተረት ከፈለግህ ከእሱ ተረት በፊት አስገባው፣ የእሱን ግን አትከልክለው። አንዳንድ ማታ ደግሞ ተራ ተለዋወጡ፣ እሱ ይንገርህና አንተ አድምጥ።