የፊዚክስ ተማሪዎችን ይዞ ወደ ዓመታዊው ጉባኤ፦ ከደብረ ማርቆስ፣ ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ይዤ አዲስ አበባ በተካሄዱ ዓመታዊ የፊዚክስ ጉባኤዎች አራት ጊዜ ተገኝቻለሁ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡድን ይዘው የሚሄዱ መምህራን ስለበዙ የቻልኩትን ልመልስ። ተማሪዎችም ወላጆችም ጠይቁ።

ጥያቄ (ጀማሪ መምህር፣ ባሕር ዳር)፦ መምህር፣ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ፤ ገንዘቡ የሚበቃው ለአምስት ነው። በውጤት ልምረጣቸው?

መልስ፦ በውጤት አታድርገው። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ያደረግሁት እሱን ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ከፍተኛ ውጤት ያላቸውን ይዤ ሄድኩ፤ ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ መረጃውን ሲያጸዳ የከረመው ልጅ ግን ቀረ። ፖስተሩ (ሥራችን ታትሞ ሰሌዳ ላይ የሚሰቀልበት ትልቅ ወረቀት) ፊት የቆመችውን ተማሪ አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር «ይቺ ነጥብ ከመስመሩ ለምን ወጣች?» ብለው ጠየቋት። መልሱን የሚያውቀው ልጅ ደብረ ማርቆስ ነበር። እሷም አፈረች፣ እሱም ቀረበት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራውን በእጁ የሠራ ነው የሚሄደው። ይህን ዓመቱ ሲጀመር ለአሥራ ሁለቱም ንገራቸው፤ ጉባኤው ሲደርስ ከነገርካቸው ቅሬታው ይበዛል። የጽሑፉ የመጀመሪያ ስምም የሠራው ተማሪ ስም ይሁን፤ የእኛ ከኋላ ይከተላል።

ጥያቄ (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ እኛ ጋ ረቂቅ መሣሪያ የለም። ምን ይዘን ነው የምንሄደው?

መልስ፦ የቆምክበትን ቦታ አትናቅ። ማግኔታዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የምድር የማግኔት መስክ ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆንበት መስመር፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ቀን ቀን ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል፤ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይሉታል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ አዮኖስፌር በሚባለው፣ በኤሌክትሪክ በተሞላው የላይኛው የአየር ክፍል ውስጥ የፕላዝማ (የተሞላ ጋዝ) አረፋዎች እየተነሡ የጂፒኤስን ምልክት ያውካሉ። የሌላ አገር ተመራማሪ ይህን ለማየት መሣሪያ ጭኖ ይመጣል፤ አንተ እዚሁ ተወልደሃል።

መረጃውም በነፃ ይገኛል። የአዲስ አበባው የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ከ1957–58 እ.ኤ.አ. ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ከወገቡ ሥር ያለ ጣቢያ የመዘገበውን አግድም የማግኔት መስክ ውሰድ፤ ከወገቡ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዲግሪ ከራቀ ጣቢያ ላይ በዚያው ሰዓት የተመዘገበውን ቀንስለት። የሚቀርህ ልዩነት የጅረቱን ጥንካሬ ይነግርሃል። ለዚህ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለውን የዋሸራ የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራም አስታውስ፤ በዚህ ጉዳይ የሚያማክር ሰው ጎጃም ውስጥ አለ ማለት ነው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ሞጣ)፦ ሥራዬ ተቀባይነት አግኝቷል፤ በቃል አቀርባለሁ። ግን እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ሰው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አገርሽ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለብቻው ቆጥሮ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ ይታረማል፣ አንዳንዴም ይፈርስበታል፤ በማግሥቱ እንደገና ቆጥሮ ይመጣል። እኛም ልምምዳችንን እንደዚያ ነው የምናደርገው። ጉባኤው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጀምረን በሳምንት ሁለት ማታ እንሰበሰባለን። አንዱ ይቆማል፤ ሌሎቹ እንዲጠይቁት ነው የተቀመጡት፣ እንዲያጨበጭቡለት አይደለም።

መጀመሪያ በአማርኛ አስረጂ። ፊዚክስ ላላጠና ሰው፣ ለእናትሽም ቢሆን፣ ምን እንደለካሽና ለምን እንደለካሽ ንገሪያቸው። እሳቸው ከገባቸው ሐሳቡ በእጅሽ ነው፤ የሚቀርሽ ቃላቱ ናቸው። በአማርኛ ያልገባሽን ነገር በእንግሊዝኛ ብትሸመድጂው የመጀመሪያው ጥያቄ ያፈርሰዋል። ቀጥሎ የመክፈቻውን አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃልሽ ያዢ። የሚያስፈራው መግቢያው ነው፤ እሱን ካለፍሽ አንደበትሽ ይፈታል።

ሰዓቱን በስልክ ለኪ። በትልቁ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ጉባኤ እንኳ ለአንድ አቅራቢ የተለመደው ጊዜ አሥር ደቂቃ ንግግርና ሁለት ደቂቃ ጥያቄ ነው። የአንቺን ከመርሐ ግብሩ እይ። ለአሥር ደቂቃ ስምንት ስላይድ ይበቃል። ያልሠራሽውን ከጠየቁሽ «እስካሁን አልለካነውም፤ ብንለካው ግን በዚህ መንገድ ነው» በይ። ይህን መልስ ደጋግመሽ ተለማመጂው፤ ከጥያቄዎቹ ግማሹ ወደዚያ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ፣ እንጅባራ)፦ ፖስተሩን በምን ላሳትመው?

መልስ፦ በጨርቅ አሳትመው፤ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ዝናብም አይጎዳውም። የተለመደው መጠን ኤ ዜሮ ነው፤ 84 በ119 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከመላክህ በፊት ግን የጉባኤው ሰሌዳ ቁመቱ ነው ወይስ ጎኑ የሚረዝመው ብለህ ጠይቅ። ፋይሉን በፒዲኤፍ ስጣቸው፤ በሌላ መልኩ በሰጠንበት ጊዜ የግሪክ ፊደሎቻችን ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆነው ታተሙ፤ በማግሥቱ እንደገና ከፍለን አሳተምን። ጽሑፍ ቀንስ፣ ግራፉን አተልቅ።

ጥያቄ (አባት፣ ደጀን)፦ ልጄ ለአራት ቀን አዲስ አበባ ልትሄድ ነው አሉኝ። ከማን ጋር ነው የምታድረው? እናቷ እንቅልፍ አጥታለች።

መልስ፦ ጋሼ፣ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በእኛ ቡድን ሴት ተማሪዎች ካሉ አንዲት ሴት መምህርት ሳትኖር አንነሣም። ሴቶቹ አንድ ላይ ያድራሉ፤ የማደሪያውን ስምና ስልክ ከመነሣታችን በፊት ለወላጅ እንሰጣለን፤ ማታ ማታ ልጅቱ ራሷ ትደውላለች። የእርስዎ ልጅ ቡድንም ይህን እንዲያደርግ መምህሩን ይጠይቁት። ይህን ሲጠየቅ ቅር የሚለው መምህር ልጅ ይዞ መሄድ የለበትም። ለእናቷም ይንገሩልኝ፦ ልጅዎ የተመረጠችው ሥራዋ ተመዝኖ ነው።

ጥያቄ (መምህርት፣ ደብረ ማርቆስ)፦ አበል በጊዜ አይለቀቅም። እንዴት ትወጡታላችሁ?

መልስ፦ እኔም ገጥሞኛል፤ አንድ ዓመት ገንዘቡ የተፈቀደው ከጉባኤው ከተመለስን በኋላ ነው። መምህራን ተዋጥተን ሄድን፤ ተማሪ ግን አላስበደርኩም፣ አላስበድርምም። አሁን የተቀባይነት ደብዳቤው በደረሰን ቀን የስም ዝርዝሩን፣ የቀኑን ብዛትና የትራንስፖርቱን ወጪ አያይዘን እናስገባለን። አዘጋጆቹንም የተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ እንዲቀንሱ እንጠይቃለን። በኢሜይል እየመጣ «ጽሑፍዎን አይተን ተደንቀናል፣ ቶሎ ይክፈሉ» የሚል የውጭ ጉባኤ ካለ ግን ተጠንቀቂ። የኮሚቴውን አባላት ስም ፈልጊ፤ ያለፈው ዓመት መርሐ ግብር ከሌለው ተዪው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ጉዞው አይሰለችም?

መልስ፦ ዓባይ በረሃ ላይ እንዴት ይሰለቻል! ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የምንወርደው። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ደጀን ላይ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉና ያዙት፤ ታች የአየሩ ግፊት ስለሚበልጥ ስትደርሱ ተጨምድዶ ታገኙታላችሁ። ባሮሜትር ያለው ስልክ የያዘ ደግሞ ይመዝግብ፤ አፋፉ ላይ 760 ሄክቶፓስካል ገደማ የነበረው ግፊት ወንዙ ዘንድ ወደ 900 ይጠጋል። አንድ ዓመት ልጆቹ ይህን በየኪሎ ሜትሩ መዝግበው ማታ ማደሪያችን ውስጥ ግራፍ አድርገው አሳዩኝ፤ ማንም አላዘዛቸውም። ደስታዬን አልረሳውም። መንገዱ አስጊ በሆነበት ጊዜ ግን ለጉባኤ ብዬ የሰው ልጅ ይዤ አልነሣም፤ አዘጋጆቹን በኢንተርኔት እንድናቀርብ እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ። ስንቅ፣ በሶና ቆሎ አይለያችሁ። ጾም ከሆነም የጾም ምግብ እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ አስመዝግቡ።

ጥያቄ (የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ቡሬ)፦ የእኛ ተማሪዎች ይህን ሁሉ የሚያዩት መቼ ነው?

መልስ፦ ስንመለስ። ከተማሪዎቼ እያንዳንዱ ጉባኤው ላይ ሦስት ሰው ጠይቆ መልሱን በደብተሩ ይዞ ይመጣል፤ ለቀሩት ጓደኞቹ ያን ያነባል። ዘንድሮ ፖስተሮቹ የጨርቅ ስለሆኑ ሌላ ቦታም ይዘናቸው መሄድ እንችላለን። የሚመቻችሁን ቅዳሜ ንገሩኝና ልጆቹ ይዘዋቸው ቡሬ ይመጣሉ፤ እናንተ ገመድና መቆንጠጫ አዘጋጁልን።