ፕሌት ላይ ክብ እየሠራ በዲኤንኤስ ዜሮ የሚሆን ፔክቲኔዝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመው፦ ከእሸት ቡና መፈልፈያ ከተጣለ የበሰበሰ ልጣጭ የለየሻቸው ባሲለሶች (ስፖር የሚሠሩ ባክቴሪያዎች)፣ ፔክቲን (የዕፅዋትን ሴል የሚያጣብቀው ነገር) ባለበት አጋር ላይ አዮዲን ሲፈስባቸው ጥርት ያለ ክብ ያሳያሉ። ያደጉበትን ፈሳሽ ግን በፒኤች 5 ሲትሬት ባፈር (ፒኤቹን ባለበት የሚያቆይ ድብልቅ) አድርገሽ፣ ፔክቲን ሲቆረጥ የሚወጣውን ስኳር በቀለም በሚያሳየው ዲኤንኤስ ስትለኪው ምንም የለም። ባክቴሪያዎቹን እንዳትጥያቸው፤ ጥፋቱ የባፈሩ ይመስለኛል።

ያ አሠራር የሻጋታ ነው። አስፐርጊለስ ናይጀር የተባለው ሻጋታ የሚያወጣው ፔክቲን ቆራጭ ኢንዛይም፣ ፖሊጋላክቱሮኔዝ፣ አሲድ ይወዳል፣ ፒኤች 5 የተለመደውም ለእሱ ነው። ባሲለስ በአብዛኛው የሚያወጣው ግን ፔክቴት ላየዝ የተባለ ሌላ ፔክቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው። ይሄ የሚመቸው ከፒኤች 8 እስከ 10 ሲሆን ያለ ካልሺየም አይቆርጥም። ሲትሬት ደግሞ ካልሺየምን ጠፍሮ ይይዛል። በአንድ ባፈር ሁለቱንም ከለከልሽው ማለት ነው። ኢዲቲኤ የተባለው ኬሚካልም እንዲሁ ካልሺየሙን ይይዘዋል፤ ፎስፌት ቢሆን ካልሺየሙን ያዘቅጠዋል።

50 ሚሊሞላር ትሪስ ባፈር በፒኤች 8.5 አዘጋጂና 0.5 ሚሊሞላር ካልሺየም ክሎራይድ ጨምሪበት። "ካስፈለገው ላብዛለት" ብለሽ እጥፍ እጥፍ አታድርጊው፣ ሰብስትሬቱ (ኢንዛይሙ የሚቆርጠው ነገር) ራሱ ይረጋና ኩቬቱ (ብርሃን የሚያልፍበት የመለኪያ ዕቃ) ይደፈርሳል። ሰብስትሬቱ 0.2 ፐርሰንት ፖሊጋላክቱሮኒክ አሲድ (ሜታይል የሌለበት ፔክቲን) ይሁን። ውሃ ውስጥ ዝም ብሎ አይሟሟም፤ እያማሰልሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ ጨምሪለት። ተራ የብርቱካን ፔክቲን ሜታይል ስለሚበዛበት ፔክቴት ላየዝ እምብዛም አይነካውም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ላየዝ ሲቆርጥ ድርብ ቦንድ ይተዋል፤ እሱም 232 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። ኩቬቱ ኳርትዝ መሆን አለበት፣ ብርጭቆና ተራ ፕላስቲክ እዚያ ጋ ብርሃኑን ራሳቸው ይውጡታል። በየ 30 ሰከንዱ ለ 3 ደቂቃ አንብቢና ቀጥ ብሎ የሚወጣውን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ውሰጂ። ቁጥሩ ወዲያው ሽቅብ ከዘለለ ኢንዛይሙን 10 እጥፍ አቅጥኚው። ንባቡን ወደ መጠን ለመቀየር የብርሃን መምጠጫ ቁጥሩን (ኤክስቲንክሽን ኮኤፊሸንት) 4600 በሞላር በሴንቲሜትር ተጠቀሚ። ማነጻጸሪያሽ ለ 10 ደቂቃ የፈላ ያው ኢንዛይም ነው።

እዚያ የሞገድ ርዝመት ድረስ የሚወርድ መሣሪያ ከሌላችሁ ዲኤንኤስም በዚሁ ትሪስ ባፈር ይሠራል፣ 540 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። የስታንዳርድ መስመሩን ግን በጋላክቱሮኒክ አሲድ እንጂ በግሉኮስ አትሥሪው። ጠርሙሱ ላይ "ሞኖሃይድሬት" የሚል ካለ ሞለኪውላዊ ክብደቱን በ 194 ሳይሆን በ 212 አስዪ፣ አለዚያ ወደ 9 ፐርሰንት ስሕተት ይገባል። ሁለት ባዶ ማነጻጸሪያ ያስፈልግሻል፤ አንዱ ኢንዛይም የሌለው፣ ሌላው ሰብስትሬት የሌለው። ፔክቲን ያለበት ሚዲያ ውስጥ ያደገ ፈሳሽ የራሱ ስኳር ስላለው ሁለተኛው ሲቀር ውጤቱ ያሳስታል።

ክቡንም ቢሆን በአዮዲን ብቻ አትመኚው። ፔክቲኑ ስታርች ከተቀላቀለበት አሚሌዝም ክብ ይሠራል፤ አንድ ፕሌት ፔክቲንን በሚያዘቅጠው ሲታብ በ 1 ፐርሰንት ለ 30 ደቂቃ አጥለቅልቀሽ አረጋግጪ። ከሱቅ የሚገዛ የማርማላታ ፔክቲን ብዙ ጊዜ ስኳር ይጨመርበታል፣ ስኳሩ ደግሞ ባክቴሪያው ኢንዛይሙን እንዳያመርት ያግደዋል። በሊትር 5 ግራም ንጹሕ ፔክቲን ይበቃል። ፔክቲን ፒኤቹን ስለሚያወርድ አውቶክሌቭ ከመግባቱ በፊት ወደ 7.2 መልሺው፤ አሲድ ሆኖ ከገባ አጋሩ አይረጋም።

በነገራችን ላይ ናሙናውን 80 ዲግሪ ለ 10 ደቂቃ ማሞቅሽ ስፖር ያላቸውን ባሲለሶች ለመለየት ጥሩ ነው፣ ግን አትክልት አበስባሹን ፔክቶባክቴሪየምን ጨርሶ ይገድለዋል። እሱንም ከፈለግሽ ያልሞቀ ናሙና ለብቻው ዝሪ።

ፈሳሹንም አንድ ጊዜ ብቻ አትሰብስቢ። በ 24፣ በ 36 እና በ 48 ሰዓት እየወሰድሽ ለኪ፤ ባሲለስ ዘግየት ሲል ፕሮቲዬዝ እያበዛ የራሱን ኢንዛይም ይበላዋል።