ፊልሙ ላይ ያለችው ቁጥር ምን ትላለች? ጠይቁኝ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልም ስጭን ዓመታት ሆነኝ። ብዙ ወላጅ «ለልጆች የሚሆን ጫንልኝ» ይለኛል። ዕድሜያቸውን የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው። ስለ ዕድሜ ገደብ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ ፒጂ-13 የሚለውን የሚወስነው መንግሥት ነው?

አይደለም ወንድሜ። ፒጂ-13 ማለት ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ይጠንቀቅ የሚል የፊልም ደረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር በ1968 እ.ኤ.አ. የጀመረው አሠራር ነው። ፊልሙን አይተው ድምፅ የሚሰጡት ወላጆች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ከ1912 ጀምሮ የሚሠራ ቦርድ አለ። ሲኒማ ቤትን በተመለከተ ግን የመጨረሻው ሥልጣን የየአካባቢው አስተዳደር ነው።

ጥያቄ፦ ፒጂ-13 እና አር በምን ይለያሉ?

ፒጂ-13 ማስጠንቀቂያ ነው፤ ልጁን ከበር አይመልስም። አር ከሆነ ግን ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አዋቂ አሳዳጊ አይገባም። ኤንሲ-17 ከሆነ ወላጅም ቢኖር አይገባም።

ፒጂ-13 የመጣው በ1984 ነው። ያኔ የዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ሁለተኛው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ፒጂ፣ ማለትም ልጆችም በወላጅ ምክር ሊያዩት የሚችሉት ተብሎ ወጣ። ፊልሙ ላይ የሰው ልብ ከደረቱ በእጅ ተመዝዞ ይወጣል! ወላጆች ተቆጡ። በፒጂና በአር መሀል ሌላ ደረጃ ይግባ ያለው ራሱ ስፒልበርግ ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ትርጉም ፊልም ይወዳል። ገደቡ የት ተጽፏል?

እህቴ፣ ዋናው ጣጣ ይኼ ነው። ገደቡ ፖስተሩና የዲቪዲው ሽፋን ላይ ነበር። ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ የፋይሉ ስም ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ ተርጓሚው ስድቡን ያለዝበዋል፤ ደሙ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ከደረጃው አጠገብ የሚጻፈውን ምክንያት ፈልጊ። በስድብ ብቻ አር የተባለና በጭካኔ አር የተባለ ፊልም አንድ አይደሉም። አንዷ ከባድ ስድብ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተነገረች ብቻዋን አር ልታሰጥ ትችላለች።

አንዴ ካርቱን ነው ብዬ ሳላጣራ ለአንድ ሕፃን ጫንኩ። ለካስ ለአዋቂ የተሠራ ኖሯል። በማግስቱ እናቱ መጣች። ልጇ «መብራቱን አታጥፊ» እያለ ሌሊቱን እንዳልተኛ ነገረችኝ። አንጀቴን በላኝ። ከዚያ ወዲህ ካርቱን የሚባል ነገር ሳላይ አልጭንም።

ጥያቄ፦ ዲኤስቲቪና ኔትፍሊክስስ?

ሁለቱም በፒን ይቆለፋሉ። ዲኤስቲቪ ላይ ከቁጥሩ ጎን ያሉትን ፊደላትም እዩ፤ ቪ ጭካኔ፣ ኤስ ወሲብ፣ ኤል ስድብ ነው።

ጥያቄ፦ አገራት ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት አያደርጉትም?

አንዱ የሚፈራውን ሌላው አይፈራም። ጀርመን 0፣ 6፣ 12፣ 16 እና 18 ትላለች። ስዊድን ደግሞ ከ15 በላይ የላትም።

ጥያቄ፦ አንተ ጋ ስንመጣ ምን እንበልህ?

የልጁን ዕድሜ ንገሩኝ። ገደቡን ከነምክንያቱ አይቼ ከፋይሉ ስም ጎን እጽፍላችኋለሁ።